ቁልፉ ቤት እያለ መኪናው እንዴት ሄደ?

ይህ በቅርቡ ቶሮንቶ ውስጥ በማኅበረሰባችን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ጽፈህ ላክልን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ፣ ብዙም ሳልነካካ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ከኋላ ይሰማል? እዚህ ፊት ወንበር አለ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ስካርቦሮ በሚገኝ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከሽቦና ከሶኬት ጋር ነው የምውለው። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ መኪና ስርቆት ነው። ስርቆት ስል መስታወት ተሰብሮ የሚወሰደውን አይደለም። መስታወቱ ሳይነካ፣ አላርሙ ሳይጮህ፣ ቁልፉ እናንተ ኪስ ውስጥ እያለ ስለሚሄደው መኪና ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቁልፍ ሳታስገቡ ፍሬን ረግጣችሁ፣ በጣታችሁ ተጭናችሁ የምታስነሱት መኪና ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? አዳራሹ በሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ማታ ስትገቡ ያንን ሪሞት የት ነው የምታስቀምጡት? በሩ አጠገብ አይደለም? መስቀያው ላይ፣ ወይ ጃኬት ኪስ ውስጥ፣ ጃኬቱም በሩ ጀርባ ተሰቅሎ።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ሌባው እንዴት እንደሚወስደው። ሁለተኛ፣ መኪና አምራቾቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ። የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ ይሄኛው ስለሆነ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ሦስተኛው እኛ ምን እንጠይቅ፣ ምን እናድርግ የሚለው ነው።

ወደ አንደኛው ልግባ። መኪናችሁ ቆሞ እያለ እጃችሁን ወደ በሩ ስትሰዱ «ቁልፌ አለህ ወይ?» የሚል ደካማ የሬዲዮ ጥሪ ይለቃል። ጥሪው ከአንድ ሁለት ሜትር አያልፍም። ቁልፉ ከሰማው በምስጢር ቁጥር «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። መኪናውም መልስ ከመጣ ቁልፉ አጠገቤ ነው ብሎ ያምናል። ጉድለቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። መልስ መጣ ማለት እኮ ቅርብ ነው ማለት አይደለም!

ሌቦቹ ሁለት ሆነው ይመጣሉ። አንደኛው አንቴና ይዞ የቤታችሁ በር ሥር ይቆማል። ሌላው መኪናው ጋ ይሄዳል። የመኪናውን ጥሪ ተቀብሎ ለጓደኛው ያቀብላል፣ ጓደኛው በግድግዳው አሳልፎ ለቁልፉ ያሰማል፣ መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ገጠር ሰው ከጋራ ጋራ እየተጣራ መልእክት እንደሚያቀባብለው ማለት ነው። ምስጢሩን መፍታት አይጠበቅባቸውም። ማቀባበል ብቻ! በሩ ይከፈታል፣ ሞተሩ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ደግሞ ቁልፉ ቢርቅም አይጠፋም፤ አውራ ጎዳና ላይ ድንገት ጠፍቶ ሰው እንዳይገድል ተብሎ እንዲያ ነው የተሠራው። ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ ወስደው አዲስ ቁልፍ ይሞሉለታል።

እንግሊዝ አገር የዌስት ሚድላንድስ ፖሊስ በ2017 አንድ ቪዲዮ አውጥቶ ነበር። ሶሊሃል ውስጥ ሁለት ሰዎች ከአንድ ቤት ደጃፍ መርሴዲስ ሲወስዱ የሚያሳይ ነው። አንዱ ሳጥን የመሰለ ነገር ይዞ በሩ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላል። ሌላው መኪናው ጋ ይጠብቃል። አንድ ደቂቃ ገደማ፣ በቃ፣ ሄዱ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ።

ታዲያ አምራቾቹ ያን ጊዜ ነው የሰሙት? አይደለም! በ2011 ዙሪክ ያለው የስዊዘርላንድ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ8 ኩባንያዎችን 10 መኪኖች በዚሁ መንገድ ሞክረው፣ ሁሉንም ከፍተው፣ ሁሉንም አስነስተው ነበር። ሁሉንም! ውጤቱንም በአደባባይ አሳተሙ። በ2016 ደግሞ አዳክ የሚባለው የጀርመን የአሽከርካሪዎች ማኅበር 24 መኪኖች ሞክሮ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ስለዚህ አላወቅንም የሚል አምራች ካለ አልቀበለውም። ያውቁ ነበር። እያወቁ ሸጡልን።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ደንበኛዬ የሆኑ አንድ ጋሼ አሉ፣ ቶዮታ ሃይላንደር ነበራቸው። ኡበር ይሠሩባታል፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሱባታል። አንድ ጠዋት ለሥራ ሲወጡ በረዶው ላይ የጎማ ዱካ ብቻ አገኙ። እኔ ጋ የደወሉት ከፖሊስ በፊት ነው። «ልጄ፣ ቁልፉ እኮ እጄ ላይ ነው!» ይሉኛል ደጋግመው። ሁለቱም ቁልፎች ቤት ነበሩ። መኪናዋ መሄዷ ብቻ አይደለም የጎዳቸው። ኢንሹራንሱ «ሁለቱን ቁልፎች አምጣ» አለ፣ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደረደረባቸው፣ እሳቸውም የተጠረጠሩ መሰላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ነገር ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው። በዚያ ሳምንት ፊታቸውን ብታዩት! እኔ ይህን ጉዳይ መከታተል የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

እሳቸው ደግሞ ብቻቸውን አይደሉም። በ2023 እዚህ ቶሮንቶ ብቻ ከ12 ሺህ በላይ መኪና ተሰርቋል። በዚያው ዓመት በመላው ካናዳ ኢንሹራንሶች ለተሰረቀ መኪና የከፈሉት ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ያ ገንዘብ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከእኔና ከእናንተ ወርሃዊ ክፍያ ነው። መኪናው የት ይሄዳል? ብዙው ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ በሞንትሪያል ወደብ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ አፍሪካ ነው። የኦንታሪዮ ፖሊስና አጋሮቹ ከ2023 መጨረሻ እስከ 2024 መጋቢት ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ እዚያ ወደብ ላይ 598 የተሰረቁ መኪኖች አግኝተዋል። አብዛኞቹ ከዚሁ ከኦንታሪዮ የሄዱ ናቸው።

አሁን ሁለተኛ ዓይነት ስርቆት አለ፣ ይሄኛው የእኔ ሙያ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። አንዲት ነርስ እህታችን ቶዮታ ራቭ ፎሯን ይዛ ጋራዥ መጣች። «በረዶ የሚጠርገው መኪና መታብኝ መሰለኝ፣ የፊት መብራቴ አይሠራም» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከጎማው በላይ ፓራፋንጎው ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ተገንጥሏል፣ የሚይዙት ክሊፖች የሉም። መብራቱ አልተሰነጠቀም። ሶኬቱ ግን ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ከጎኑ ያለችውን ማያያዣ በጣት ተጭኖ ካልሆነ የማይወጣ ሶኬት ነው። የበረዶ መኪና የመታው ሶኬት ይሰበራል እንጂ እንዲህ በሥርዓት አይነቀልም። «እህቴ፣ ይሄ ግጭት አይደለም፣ ሌባ ጀምሮት የሄደ ሥራ ነው» አልኳት። ደነገጠች።

ለምን መብራት? መኪናችሁ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ካን የሚባል የሽቦ መረብ አለ። ሞተሩ፣ በሩ፣ መብራቱ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ችግሩ፣ በብዙ መኪኖች በዚያ ሽቦ ላይ የተነገረ ነገር ሁሉ ይታመናል። ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሌባው የመብራቱን ሶኬት ነቅሎ የራሱን መሣሪያ ይሰካና «ቁልፉ ትክክለኛ ነው፣ ክፈት» ይላል። መኪናው ይከፍታል። እዚህ ጋ ቁልፋችሁ የትም ቢሆን ለውጥ የለውም። ቆርቆሮ ውስጥ ብትከቱት፣ ከአገር ይዛችሁት ብትወጡ ያው ነው።

ይህ የታወቀው እንዴት መሰላችሁ? ኢያን ታቦር የሚባል የለንደን ሰው ነው፣ ሥራው ራሱ የመኪና ኮምፒውተር ደህንነት ምርምር ነው። በ2022 የራሱ ራቭ ፎር ፊቱ ተገነጣጥሎ፣ የመብራቱ ሽቦ ተነቅሎ አገኘው። መጀመሪያ ባለጌ ያበላሸው መሰለው። ከወራት በኋላ በድጋሚ ተነካ፣ ወዲያው ደግሞ መኪናው ጠፋ። ሰውየው ዝም አላለም። ሌቦቹ የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ራሱ ገዝቶ ፈታው። ከላይ ሲያዩት ጄ ቢ ኤል የሚባለው ትንሽ የሙዚቃ ስፒከር ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ነገር ተሰክቶበታል። ሌላው ባለሙያ ኬን ቲንደል ደግሞ አሠራሩን በ2023 ለሕዝብ ጻፈው። ፖሊስ አይቶት ስፒከር ነው ብሎ የሚያልፈው ነገር ማለት ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። አምራቾቹ ምን አደረጉ?

መጀመሪያ የመጣው ቀላሉ መፍትሔ ነው። ቁልፉን ማስተኛት። ፎርድ በ2019 አውሮፓ ውስጥ ለፊየስታና ለፎከስ አዲስ ቁልፍ አወጣ። ከ40 ሰከንድ በላይ ሳይነቃነቅ ከቆየ ይተኛል፣ ለማንም አይመልስም። ስታነሱት ይነቃል። ስንት ብር ያስወጣል ይሄ? ትንሽዬ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ናት! ግን ስንት ዓመት ፈጀባቸው?

እናንተ ቶዮታና ሌክሰስ ያላችሁ፣ በብዙዎቹ ሞዴሎች ቁልፉን በእጅ ማስተኛት ይቻላል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ባትሪ መቆጠቢያ ተብሎ የተጻፈው ነው፤ ስለ ሌባ ስለማያወራ ማንም አያነበውም። መቆለፊያውን ተጭናችሁ ያዙ፣ እንደያዛችሁ መክፈቻውን ሁለቴ ንኩ። ቁልፉ ላይ ያለችው መብራት 4 ጊዜ ብልጭ ካለች ተኝቷል። ጠዋት አንዱን ስትጫኑ ይነቃል። ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ አጋጥሟችኋል? እኔ እስካሁን የጠየቅኳቸው ደንበኞቼ አንዳቸውም አልተነገራቸውም። ያ ያናድደኛል። መኪና ስትገዙ ስለ ወንበር ማሞቂያው ግማሽ ሰዓት ያወሩላችኋል።

ሁለተኛው መፍትሔ እውነተኛው ነው። ርቀት የሚለካ ቁልፍ። አልትራ ዋይድባንድ ይባላል። ሬዲዮ በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። መኪናው ጥሪ ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ በጣም በጥቃቅን ይለካል። ሌቦቹ በመሃል ሲያቀባብሉ ጊዜው ይረዝማል፣ መኪናውም «አይ፣ አንተ ሩቅ ነህ» ብሎ ይዘጋል። ጃጓር ላንድሮቨር ከ2018 ጀምሮ አስገብቶታል። ቢ ኤም ደብሊውም በኋላ አስገባ። አሁን ስልካቸውን እንደ ቁልፍ የሚጠቀሙት ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖችም ወደዚሁ እየሄዱ ነው።

ግን ተጠንቀቁ። አለው ማለትና ይጠቀምበታል ማለት ለየብቻ ነው። በ2024 የቻይና ተመራማሪዎች ይህ ቴክኖሎጂ ያለበትን አዲሱን ቴስላ ሞዴል 3 በዚያው በድሮው የማቀባበል ዘዴ ከፍተውታል። ዕቃው ውስጡ አለ፣ ርቀቱን አይቶ ለመከልከል ግን አልዋለም ነበር። የቴስላ አንድ ጥሩ ነገር፣ ከ2018 ጀምሮ ለመንዳት ፒን ቁጥር እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። በሩ ቢከፈት እንኳ ያለ ፒን አይንቀሳቀስም። ቴስላ ያላችሁ ዛሬ ማታ ግቡና አብሩት፣ እባካችሁ! ነጻ ነው። ባንክ ካርድ እንኳ ፒን አለው፣ 60 ሺህ ዶላር የወጣበት መኪና ለምን አይኖረውም? ሁሉም አምራች ይህን ለማድረግ አዲስ ዕቃ እንኳ አያስፈልገውም፣ ስክሪኑ እዚያው አለ።

ለመብራቱ ስርቆት ደግሞ መፍትሔው በሽቦው ላይ የሚተላለፈውን መልእክት ማኅተም ማድረግ ነው። ከማን እንደመጣ የሚረጋገጥ ምስጢራዊ ማኅተም። ስፒከሩን የሰካው ሌባ ማኅተሙ ስለሌለው አይሰማም። አዳዲስ መኪኖች ላይ እየገባ ነው። ታዲያ የእኔና የእናንተ የ2019፣ የ2020 መኪናስ?

ንግግሬ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አዲሱን ማስተካከል ይወዳሉ፣ ይሸጣላቸዋል። የተሸጠውን ማስተካከል ግን ወጪ ነው። እስቲ የሆነውን እንይ።

እንግሊዝ ውስጥ ሬንጅ ሮቨር እጅግ ሲሰረቅ ኢንሹራንሶች ለንደን ውስጥ አንሸፍንም ማለት ጀመሩ። ሰው መኪናውን መግዛት ፈራ። ያን ጊዜ አምራቹ ጃጓር ላንድሮቨር በ2023 ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መድቦ የቀድሞዎቹን መኪኖች ደህንነት ማሻሻል ያዘ፣ የራሱን ኢንሹራንስ እስከማቅረብ ደረሰ። ጥሩ ሥራ ነው፣ አመሰግናቸዋለሁ። ግን መቼ ነው የተነሱት? ገበያው ሲነካ ነው።

ሀዩንዳይን ደግሞ እዩ። አዮኒክ 5 የምትባለው የኤሌክትሪክ መኪና አለች። የሕፃናት ጌም የምትመስል መሣሪያ ወጣች፣ ራሷን ቁልፍ አስመስላ መኪናዋን ትከፍታለች። በ2025 ሀዩንዳይ እንግሊዝ ውስጥ ማሻሻያ አቀረበ። በነጻ? በፍጹም። በ49 ፓውንድ። ወገኖቼ፣ የሸጥክልኝ በር አይዘጋም፣ እንዲዘጋ ደግሞ ልክፈልህ? ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ሐሳቡ ግን ትክክል አይደለም። መኪና መቆለፍ የአምራቹ ሥራ ነው። ፍሬን የማይይዝ መኪና ሸጦ ለፍሬኑ ጨምር የሚል የለም።

ሕግ ሲኖር ምን እንደሚሆን ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ሦስተኛው ልሂድ። ከድንበሩ ማዶ አሜሪካ ውስጥ ጎረምሶች ኪያና ሀዩንዳይ በዩ ኤስ ቢ ገመድ ጫፍ ሲያስነሱ አይታችኋል፣ ቲክቶኩን የሞላው። እነዚያ በተለመደው ቁልፍ የሚነሱ መኪኖች ናቸው፣ የዛሬው ርዕሳችን አይደሉም። ግን ትምህርቱ ትልቅ ነው። እነዚያ መኪኖች ኢሞቢላይዘር፣ ማለትም ትክክለኛው ቁልፍ ካልሆነ ሞተሩን የማያስነሳ መሣሪያ፣ የላቸውም። እዚሁ ካናዳ የተሸጡት ግን አላቸው። ለምን? ካናዳ ከ2007 መስከረም ጀምሮ በሕግ ስላስገደደች። ያው ኩባንያ ነው! ልዩነቱ ሕጉ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ 8.3 ሚሊዮን ገደማ መኪና ሶፍትዌር እንዲሞላለት ተደረገ፣ በ2023 ለክሱ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማሙ። ቀድሞ ዕቃውን ማስገባት አይሻልም ነበር?

አውሮፓም እንዲሁ። ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ የሳይበር ደህንነት ደንብ ያላሟላ አዲስ መኪና አውሮፓ ኅብረት ውስጥ አይሸጥም። ፖርሽ በቤንዚን የሚሄደውን ማካን በዚህ ደንብ ምክንያት ከአውሮፓ ገበያ አስወጣው። ስለዚህ ሕግ ይሠራል። የእኛ የ2007ቱ ሕግ ግን ያን ዘመን ለነበረው ቁልፍ የተጻፈ ነው። ስለ ማቀባበልም፣ ስለ መብራት ሽቦም አያውቅም። የፌዴራሉ መንግሥት በ2024 የካቲት ኦታዋ ላይ ስብሰባ ጠርቶ፣ በግንቦት ደግሞ ባወጣው ዕቅድ ደንቡን አድሳለሁ ብሏል። ይህን መከታተል የእኛ ፋንታ ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። በ2024 ስርቆቱ ቀንሷል፣ ደስ ይላል፣ ግን በዚያው ዓመት እንኳ በመላው ካናዳ 57 ሺህ ገደማ መኪና ጠፍቷል፤ እንግዲህ ተዘናጉ ማለት አይደለም። ቁልፉን ከበርና ከመስኮት አርቁ። ፋራዴይ ከረጢት የሚባለው፣ ሬዲዮ የማያሳልፍ የቁልፍ ማስቀመጫ፣ ይሠራል፣ ግን ስትገዙ ሞክሩት፤ ቁልፉን ከታችሁ መኪናው አጠገብ ቁሙና በሩ ከተከፈተ መልሱት። ከረጢቱ የመብራቱን ስርቆት እንደማያስቆም አስታውሱ። ለእሱ የመሪ ብረት መቆለፊያ ጥሩ ነው። ያቺ ነርስ እህታችን ገዝታለች፣ ጠዋት ጠዋት ማውጣቱ ይሰለቻል፣ ግን መኪናዋ ዛሬም ደጇ ላይ አለች። ከመሪው ሥር ያለችውን የኮምፒውተር መሰኪያም ማስቆለፍ ይቻላል፣ አዲስ ቁልፍ የሚሞሉት በእሷ ነው። ኢንሹራንሳችሁንም ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ መከታተያ ካላስገባችሁ ብዙ ለሚሰረቁ ሞዴሎች ተጨማሪ ያስከፍላሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ መከታተያውን በነጻ ያስገባሉ።

አዲስ መኪና ልትገዙ ከሆነ ግን ሳትፈርሙ ሻጩን ጠይቁት። ይህ ቁልፍ ርቀት ይለካል? ካልተነቃነቀ ይተኛል? ያለ ቁልፍ መክፈቱን ማጥፋት እችላለሁ? ፒን አለው? ማሻሻያ ቢወጣ በነጻ ነው? ሻጩ አላውቅም ካለ «እጠብቃለሁ፣ ጠይቀህ ንገረኝ» በሉት። አትፈሩ! ገንዘቡ የእናንተ ነው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችሁም ይህንኑ ይጠይቁ፤ ከ2024 ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አዲስ አበባ እየሞላ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ብዙውም ያለ ቁልፍ የሚነሳ ነው። ዘበኛ ስላለ ብቻ አይተማመኑ።

በመጨረሻ፣ መግቢያው ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ለፓርላማ ተወካያችሁ የሚላክ ደብዳቤ አለ። በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ አማርኛው ከጀርባው አለ። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የ2007ቱ ደንብ ቶሎ ይታደስ፣ ለተሸጡት መኪኖችም ማሻሻያው በነጻ ይሁን። የመኪናችሁን ሞዴልና ዓመት ሙሉበት፣ መኪና የተሰረቀባችሁ ደግሞ እንዴት እንደሆነ በሁለት መስመር ጻፉ። እንግሊዝኛ መጻፍ የሚቸግረው ካለ ልጆቹ እዚያው ተቀምጠዋል፣ ይጽፉላችኋል።

አሁን ማይኩን ላዙር። ጥያቄ ያላችሁ? እሺ፣ እዚያ ጥግ ያሉት እናቴ እጃቸውን ቀድመው አውጥተዋል፣ እሳቸው ይጀምሩ።